የጣርማ በር መንገድና አዲሲቱ ነጂ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ በአገራችን ውስጥ ስማቸው ከሚጠራው መንገዶች አንዱ ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚሄድበት በአውቶቡስ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ፣ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ግማሹን መንገድ እያንቀላፋ ስለ ሆነ፣ መንገዱን አየሁት ለማለት አይችልም። እኛም ከ20 ጊዜ የማያንስ ተመላልሰንበታል፤ በሚገባ የተመለከትነው ግን በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ነው። በዚያ ጊዜ መኪናውን የነዳችው የታላቅ ወንድማችን ልጅ ነበረችና፤ መንጃ ፈቃድዋን ከተቀበለች ገና 5 ወር አልሞላትም ነበር። በአዲስ ነጂ መኪና የተሳፈረ ሰው ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይጎበኘውም።

ስለ ጉዞው ምክንያት ጥቂት እንናገር። ታላቅ ወንድማችን ከ40 ዓመት በላይ የከባድ መኪና ነጂ ሆነው በዚሁ መንገድ ወደ ደሴና ወደ መቀሌ ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራቸውን ከተዉ በኋላም በራሳቸው ቶዮታ፣ የከተማው ሰው ዲኤክስ በሚላት አሮጌ መኪና፣ ቤተ ሰባቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ዘመድ ቤት ይወስዱ ነበር። ከጉዞው 3 ዓመት አስቀድሞ ግን የስኳር በሽታ ዐይናቸውን ጎዳው። ፈቃዳቸውን ለማሳደስ በሄዱ ጊዜ ሐኪሙ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፊደል እንዲያነቡ ቢጠይቃቸው፣ ከሁሉ በላይ ያለውን ትልቁን ፊደል እንኳ ለይተው ለመናገር አልቻሉም። ወረቀታቸውን አጥፈው ወደ ኪሳቸው ከተቱት። መኪናይቱንም በግቢያቸው ውስጥ ሸራ አልብሰው አቆሙአት፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ከአዲስ አበባ አልወጡም። በአውቶቡስ ይሂዱ ቢባሉ፣ «የማላውቀው ሰው መሪውን ይዞ እኔ ከኋላው እንደ ጆንያ ልጫን?» ብለው እምቢ አሉ።

በደብረ ሲና የሚኖሩት ታላቅ እኅታችን ግን ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ፣ እግራቸውም የደከመ በመሆኑ፣ «ሞት ሳይቀድመኝ ወንድሜን አሳዩኝ» እያሉ በየጊዜው ይልኩብን ነበር። ስለዚህ ልጂቱ ፈቃድዋን በያዘች ጊዜ ለአባትዋ፣ «አባባ፣ እኔ እወስድዎታለሁ» አለቻቸው። እርሳቸውም ብዙ ቀን መልስ ሳይሰጡ ቆዩ። ያ ዝምታ ከምን የመጣ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር። በጣርማ በር ቁልቁለት ስንት የሥራ ባልደረባቸውን እንደ ቀበሩ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸውና።

በአገራችን ሕግ አውቶሞቢል ለመንዳት የሚፈልግ ሰው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ልጂቱም 18 ዓመት በሞላት በሳምንቱ ወደ አንድ የነጂዎች ማሠልጠኛ ቤት ሄዳ ተመዘገበች። የትምህርቱን ዋጋ ከአባትዋ አልጠየቀችም፤ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ እያስጠናች ያጠራቀመችውን ገንዘብ ከፈለች እንጂ። ብዙ ወጣቶች የመኪና ትምህርት ማለት መሪ መጨበጥ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን አስቀድሞ በክፍል ተቀምጦ መማር አለ። የትራፊክን ሕግ፣ የሞተርን አሠራር፣ የነጂን ጠባይ፣ አደጋ የደረሰበትንም ሰው ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ድረስ እንዴት እንደሚረዱት ይማራሉ። ደብተርዋን ተቀብለን ብናገላብጠው፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑና ጠርዙ ቀይ የሆነው ምልክት ማስጠንቀቂያ፣ ክቡና ጠርዙ ቀይ የሆነው ክልከላ፣ ክቡና መደቡ ሰማያዊ የሆነው ትእዛዝ መሆኑን በቀለም እየሣለች ጽፋዋለች። በከተማችን ከሚነዱት ሰዎች መካከል ስንቱ ይህን በቃሉ ይናገር ይሆን?

ከክፍሉ ትምህርት በኋላ «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ በጣሪያዋ ላይ በተለጠፈባት ትንሽ መኪና አሠልጣኙን ካጠገብዋ አስቀምጣ ወደ መንገድ ወጣች። ለጀማሪ ከሁሉ የሚያስቸግረው መሪው አይደለም፤ በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን ነው። ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይዞራል፤ ጎማው ደግሞ ቆሞአል፤ ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቅቀው ሁለቱን ቢያገናኙአቸው መኪናይቱ ዘልላ ትጠፋለች፤ በዝግታ ቢያገናኙአቸው ግን በጨዋ ደንብ ትነሣለች። በሜዳ ላይ ይህ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ግን ዳገትና ቁልቁለት የሆነች ከተማ ናት። በዳገት ላይ ቆሞ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ፣ ነዳጅ መስጠት፣ ፍሪሲዮኑንም ማንሣት በአንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ በመሆኑ፣ ሁለት እግርና ሁለት እጅ ያንሳል ያሰኛል።

በፈተናው ቀን የጽሑፉን ጥያቄ በሚገባ መለሰች። በመንዳቱ ፈተና ግን ዳገቱ ላይ ስትደርስ መኪናይቱ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተችባት፤ ፈታኙም ወደቅሽ አላት። ወደ ቤት ስትገባ አባትዋ ገና የጫማዋን ድምፅ ሰምተው ነገሩን ዐወቁት። በማግስቱ ሸራውን ከዲኤክስዋ ላይ አስገፍፈው፣ ልጃቸውን በነጂው ወንበር አስቀምጠው፣ እርሳቸው ካጠገብዋ ተቀመጡና፣ «ፍሪሲዮኑን በእግርሽ አትፈልጊው፤ በጆሮሽ ፈልጊው። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ያን ጊዜ ይዞአል፤ እዚያው ላይ አቁሚው» አሉአት። የግቢያቸው መግቢያ ጥቂት ዳገት አለው፤ በዚያ ዳገት ላይ ከሁለት ሳምንት የማያንስ ጊዜ አንዲት እርምጃ ወደ ፊት እየሄዱ፣ አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ እየተመለሱ ሰነበቱ። ጎረቤት ሁሉ ይህ ምን ዓይነት ጉዞ ነው እያለ ይሥቅ ነበር። በሁለተኛው ፈተና አለፈች።

ፈቃድ የሚባለው ወረቀት በሌላ መንገድም ይገኛል የሚሉ ሰዎች አሉ። እንዲህ አድርጎ ያገኘው ሰው ወረቀቱን ለትራፊክ ፖሊስ ሊያሳይ ይችላል፤ ለገደል ግን ሊያሳይ አይችልም። በዚያ ዘመን በአገራችን መንገዶች ላይ በመኪና አደጋ በየዓመቱ የሚሞተው ሰው ከ4000 በላይ እንደ ነበር ስናስታውስ ነገሩ የቀልድ አይሆንም።

ወንድማችን ራሳቸው የነጂነትን ሥራ የተማሩት በማሠልጠኛ ቤት አይደለም። መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ መንገዱ ለበቅሎና ለአህያ የተሠራ ነበርና መኪናው ወንዝና ድንጋይ በደረሰ ቁጥር በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው የመጣው። ወንድማችን በረዳትነት ወደ ሥራው በገቡበት ዘመን መንገዱ ቢሠራም ልማዱ ከዚያ እጅግ የራቀ አልነበረም። የ14 ዓመት ልጅ ሆነው ጎማ እየፈቱ፣ በዳገት ላይ በቆመ መኪና ጎማ ሥር ድንጋይ እያስደገፉ፣ በጭነት ላይ እያደሩ 4 ዓመት ቆዩ። በዚያ ጊዜ መኪና የሚሄደው በመንገድ ግራ በኩል ነበር፤ በሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ግን ከግራ ወደ ቀኝ ተለወጠ። እርሳቸው ለፈተና የቀረቡት በዚያው ክረምት ስለ ነበረ፣ «በግራ ተምሬ በቀኝ የተፈተንሁ ሰው ነኝ» እያሉ ይጫወታሉ።

የተነሣነው ቅዳሜ ዕለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ልጂቱ የሞተሩን ዘይት፣ ውሃውን፣ የፍሬኑን ዘይትና መብራቶቹን በተራ ተመለከተች። አባትዋም በበኩላቸው መኪናይቱን እየዞሩ አራቱንም ጎማ በእጃቸው ዳሰሱ፤ ከዚያም ምንም ሳይናገሩ በፊተኛው ወንበር ገቡ። እኛ ለእኅታችን ከተጫነው ቡናና ስኳር ጋር ከኋላ ተቀመጥን። እናትዋ ጠበል ረጭተውን፣ «በሰላም ግቡ» ብለው በሩን ዘጉት፤ ነገር ግን ከበሩ ቀዳዳ ሲመለከቱ አይተናቸዋል።

በኮተቤ በኩል ወጥተን፣ ለገ ጣፎን አልፈን ሰንዳፋ እስክንደርስ ድረስ በመኪናው ውስጥ የሚናገር ሰው አልነበረም። ሰንዳፋ የፖሊስ ኮሌጅ ያለባት ከተማ ስለ ሆነች ልጂቱ እንደ ሰርገኛ ዝግ ብላ አለፈች። ከዚያ በኋላ ሜዳው ተዘረጋ፤ ገብስና ስንዴ የታጨደበት መሬት፣ የባሕር ዛፍ ተክል፣ በመንገዱም ዳር ወደ ገበያ የሚነዱ አህዮችና በጎች። ወንድማችን የሞተሩን ድምፅ ዝቅ ማለት በሰሙ ጊዜ፣ «ምን አየሽ?» አሉአት። «በግ ተሻገረ፤ አንድ ብቻ ነው» አለች። «አንድ በግ ብቻውን አይሻገርም። የቀሩት እስኪመጡ ድረስ ጠብቂ» አሉአት፤ እንዲሁም ሆነ፤ 8 በጎችና አንድ እረኛ ተከታትለው ወጡ። አህያ ግን በመንገድ መካከል ከቆመ ቆመ ነው፤ ጡሩምባም አያነቃንቀው። ለእርሱ መዞር የነጂው ፋንታ ነው።

አለልቱንና ሐሙስ ገበያን አልፈን ሸኖ ደረስን። የሸኖ ቅቤ በአዲስ አበባ ባለቤቶች ዘንድ ምን ያህል የተወደደ እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም፤ ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለ ነበረ ግን ዐይናችንን ወደ ሌላ መለስን። በዚሁ አገር ያለው የሰገሌ ሜዳ በጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የንጉሥ ሚካኤል ጦርና የሸዋ ጦር ገጥመው የዙፋኑ ነገር የተቆረጠበት ቦታ ነው። ዛሬ በላዩ ላይ የሚታየው ከብትና የገብስ ቃርሚያ ነው። ወንድማችን ቦታዎቹን የሚያውቁት በመንገዱ መነሣትና መውረድ፣ በሚገባውም አየር ሽታ ነበር። «አሁን የጫጫን ወንዝ ልንሻገር ነው» ባሉ ጥቂት ጊዜ ውስጥ ወንዙ ደረሰ። ባለ ዐይኖቹ እኛ ከእርሳቸው አልቀደምንም።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከተማዪቱን የቆረቆሩአት በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ናቸው፤ ስምዋንም ያገኘችው በዚያ ዘመን በሰማይ ላይ ከታየው ብርሃን የተነሣ ነው ይባላል። ከፍታዋ ወደ 2800 ሜትር ስለሚደርስ ብርድዋ የታወቀ ነው፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካም በዚህች ከተማ መሠራቱ የሚገባ ነው። በብርዱ ምክንያት ይመስላል አረቄዋም ስም አላት። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በአንድ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ወንድማችን ስለ ሕመማቸው የንስሐ አባታቸው ፈቅደውላቸዋልና ዳቦና ስኳር የሌለው ሻይ ቀመሱ። በጎዳናው ማዶ ከአንድ አረቄ ቤት ደጃፍ ሁለት ከባድ መኪናዎች መቆማቸውን ልጂቱ በነገረቻቸው ጊዜ፣ «በእኔ ዘመን ከዚያ ደጃፍ የተነሣ ስንት መኪና ከገደል በገመድ ስበን አውጥተናል» አሉና ሌላ አልጨመሩም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ቀኝ የሚገነጠለው መንገድ የሸዋ ነገሥታት ወደ ተቀመጡባት ወደ አንኮበር ይወስዳል፤ የእኛ መንገድ ግን ወደ ሰሜን ይቀጥላል። ከዚህ በኋላ ዛፍ ይሳሳል፤ ሣሩ አጭር፣ ድንጋዩ ብዙ፣ ነፋሱም ኃይለኛ ይሆናል። አየሩ በከፍታ ስለሚሳሳ ሞተሩ በዝቅተኛው አገር ያለውን ጉልበት አያገኝም፤ ዲኤክስዋም እንደ ሽማግሌ ታቃስት ጀመር። ልጂቱ ወደ ሦስተኛ ማርሽ፣ ቀጥላም ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስታወርደው፣ ወንድማችን በየጊዜው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ዘገየሽ፤ ሞተሩ ሳይለምንሽ ቀድመሽ ስጪው» አሉአት። በገደሉ አፋፍ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጩ ነበር። መኪና ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

የጣርማ በር ዋሻ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ ተራራ ውስጥ የተቆፈረ፣ ርዝመቱም ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ነው። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በግፍ ይዘው በነበሩበት ዘመን ጦራቸውንና ስንቃቸውን ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ ለማመላለስ ሲሉ ሠሩት። እነርሱ ይህን ተራራ ሲቆፍሩ የሸዋ ዐርበኞች በእነ ራስ አበበ አረጋይ መሪነት በእነዚሁ ተራራዎች ይዋጉአቸው ነበር። የሠሩት ሰዎች ሄዱ፤ ዋሻው ግን ቀረና የአገሩን ገበሬ ገብስ ያሳልፋል። ልጂቱ ከመግባትዋ በፊት መብራቱን አብርታ ጡሩምባ ነፋች። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ከጣሪያው የሚወርደው የውሃ ጠብታ መስተዋቱን ይመታል። ወንድማችን በዋሻው ውስጥ ኮፍያቸውን አወለቁ። ይህ የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ምክንያቱን ጠይቀናቸው አናውቅም።

በወዲያኛው አፍ በወጣን ጊዜ የይፋትን ቆላ እናያለን ብለን ስንጠብቅ ከነጭ ጉም በቀር ምንም አልታየንም። ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር ተራራውን ሲነካ ቀዝቅዞ ጉም ይሆናልና፣ ከዋሻው በስተ ኋላ ፀሐይ ሳለ ከዋሻው በስተ ፊት የመኪናውን አፍንጫ ለማየት የሚያስቸግርበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጂቱ ረጅሙን መብራት አጥፍታ አጭሩን አበራች፤ ረጅሙ መብራት በጉም ላይ ተመልሶ የነጂውን ዐይን ያሳውራልና። ማርሹንም ወደ ሁለተኛ አወረደችው።

በዚህ ላይ ስለ ቁልቁለት ጥቂት መናገር ይገባል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ፣ ነጂዎች እንደሚሉት በፎሌ የሚወርድ ሰው አለ። ይህ ሰው የቀረው ፍሬኑ ብቻ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ሸራው ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ይግላል፤ ብዙ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ የፍሬኑም ዘይት ሊፈላ ይችላል፤ ያን ጊዜ እግር ቢረግጥ ባዶ ነገር ይረግጣል። በትንሽ ማርሽ የሚወርድ ሰው ግን ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይዞ ያስቀርለታል። ወንድማችን፣ «በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ» ያሉአትን ልጂቱ በደብተርዋ መጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፋዋለች።

ከዚያ በኋላ ወንድማችን መንገዱን በቃላቸው ያነቡላት ጀመር። «አሁን ወደ ግራ ይታጠፋል። ቀጥሎ ወደ ቀኝ፤ ይህ ጠባብ ነው። አሁን ጥቂት ይዘረጋልሻል።» ዐይናቸው የማያይ ሰው ዐይንዋ ለማየት ላልቻለ ልጅ እንደዚህ ሲመሩ መስማት እጅግ የሚያስደንቅ ነበር። እንዲህ እያልን ጥቂት እንደ ወረድን ልጂቱ ፍሬን ያዘችና ቆመች።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«ድንጋይ ተደርድሮአል፣ አባባ። ከፊቴ የተበላሸ ተሳቢ ቆሞአል፤ መብራት የለውም።»

«እለፊው። እዚህ በግራ በኩል ሰፊ ቦታ አለ፤ አውቀዋለሁ፤ ስንት ሌሊት አድሬበታለሁ። በኩርባ ላይ ቆመሽ ከኋላ እንዳትመቺ።»

ልጂቱ አንገትዋን አውጥታ ተመለከተች። «የለም፣ አባባ። ቦታው ተንዶአል፤ ጠርዙ ሄዶአል። ከታች የሚመጣውንም አላይም። አላልፍም።»

ይህ አገር መሬቱ የሚንሸራተት አገር ነው፤ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በደብረ ሲና አቅራቢያ መሬቱ ተንዶ ብዙ ገበሬ ከቤቱና ከእርሻው ተፈናቅሎአል። መንገዱም በወንድማችን ልብ ውስጥ እንደ ነበረው ሆኖ አልጠበቃቸውም። እርሳቸው ግን ያን ጊዜ ይህን አላሰቡትም፤ ፊታቸው ጠቆረ። በቤታቸው «አላልፍም» የሚል ቃል ከልጅ አፍ ሰምተው አያውቁም ነበርና። ከኋላችን አንድ ሚኒባስ ደርሶ ጡሩምባውን ያለ ዕረፍት ይነፋ ጀመር። ልጂቱ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርታ፣ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ከኋላ ወርደው ለሚመጣው ሰው ምልክት ያሳዩ» አለችን። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እጅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። እኛም ጋቢያችንን ገፍፈን እያውለበለብን ወደ ኋላ ሄድን።

መቼም ለመናገር ይቀላል፤ 3 ደቂቃ አይሞላም። ከጉሙ ውስጥ አንድ ትልቅ አውቶቡስ ከታች ድንገት ወጣና፣ በተሳቢውና በተናደው ጠርዝ መካከል በቀረችው ስፋት ውስጥ ጎኑን ሊያስነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተጠግቶ አለፈ። ነፋሱ መኪናችንን ነቀነቃት። የሚኒባሱ ነጂ ጡሩምባውን መንፋት ተወ። ወደ መኪናችን ስንመለስ ወንድማችን ሁለት እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ተቀምጠው አገኘናቸው። ቆይተውም በዝግታ፣ «አሁን ምን ይታይሻል?» ብለው ጠየቁአት። እርስዋም ጠርዙ ከየት እስከ የት እንደ ተናደ፣ ተሳቢው በስንት ክንድ ወደ መንገዱ እንደ ገባ፣ ረዳቱም ከታች በኩል ሄዶ ቆሞ በእጁ እንደሚጠራት አንድ በአንድ ነገረቻቸው። «እንግዲያው በአንደኛ ማርሽ። ወደ ተራራው ተጠጊ፤ መስተዋቱ ቢነካ ይነካ» አሉ። አለፍን፤ መስተዋቱም አልተነካም። ረዳቱ የ15 ዓመት ልጅ ይመስል ነበር፤ ከብርዱ የተነሣ ከንፈሩ ጠቁሮአል። ወንድማችን መኪናይቱን አስቁመው የራሳቸውን ጋቢ በመስኮት ሰጡት።

ከዚያ እስከ ደብረ ሲና ድረስ በየኩርባው የሚጠይቁት ወንድማችን፣ የምትመልሰው ልጂቱ ሆነች። «አሁንስ?» «ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ አንድ ሰው በቅሎ እየሳበ ይወጣል።» «አሁንስ?» «ጉሙ እየሳሳ ነው፤ ከተማው ታየኝ።» እውነትም የቤቱ ቆርቆሮ በፀሐይ እያብለጨለጨ ታየ፤ ከእርሱም በታች የይፋት ሸለቆ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ እየወረደ ተዘርግቶአል። ልጂቱ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ማሽላው መታጨዱን እንኳ አላስቀረችም። እርሳቸውም ሁሉንም እንደ አዲስ ነገር ሰሙአት።

ደብረ ሲና በቆሎዋ የታወቀች ናት። ገና ስንቆም የተቆላ ገብስና ሽምብራ የያዙ ሴቶች ልጆች መስኮታችንን ከበቡት፤ ለጾም ቀን ከዚህ የተሻለ ስንቅ የለምና ከሁሉም ገዛን። የእኅታችን ቤት ከዋናው መንገድ ጥቂት ወደ ውስጥ ይገባል። እኅታችን በደጃፋቸው ላይ በበርጩማ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ወንድማቸው በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ሲመጡ ባዩ ጊዜ ተነሥተው ለመቆም ሞከሩና አልቻሉም፤ ወንድማችንም በድምፃቸው ተመርተው ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ። ሁለቱም ለብዙ ጊዜ ቃል ሳይወጣቸው ቆዩ። እኛ ቡናውንና ስኳሩን ለማውረድ ወደ መኪናው ተመለስን፤ በዚያ ሰዓት ከዚያ የተሻለ ሥራ አልነበረንም።

ማታ ከእሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ እኅታችን፣ «ነገ ሰንበት አይደለም? እንግዲህ መኪና ከመጣልኝ ቤተ ክርስቲያን አድርሰኝ፤ እግሬ ከከዳኝ ወዲህ ቅዳሴ ካስቀደስሁ ዓመት አለፈኝ» ብለው ወንድማችንን ለመኑአቸው። ወንድማችን ቆሎ ያዘገኑበትን እጃቸውን ወደ ልጃቸው ድምፅ በኩል ዘርግተው፣ «እትዬ፣ ቁልፉ ከእርስዋ ዘንድ ነው፤ እርስዋን ይለምኑ» አሉ።